የባሕር ዳር ዓሣ ቤቶች፦ የቱ ዓሣ፣ በስንት ሰዓት፣ እንዴት ተሠርቶ

ባሕር ዳር ዓሣ ሊበላ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ቤት ይሻላል?» ብሎ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ቢቀድሙ ግን ምሳው ይሻሻላል፤ ዓሣው የትኛው ነው? መቼስ ከመረብ ወጣ? በሐይቁ ዳርና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያሉት ዓሣ ቤቶች የሚገዙት ከአንድ ሐይቅ ነው። የአንዱ ዘይት ከሌላው ይጠራል፣ የአንዱ አዋዜ ከሌላው ይበረታል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ከማዕድ ቤቱ ይልቅ ዓሣው ራሱ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገመገመው የአንድ ቤት ምግብ ሳይሆን የከተማዋ የዓሣ ገበታ ነው፤ ከመረቡ እስከ ሳህኑ ድረስ።

ምናሌ ላይ «ዓሣ» ተብሎ በደፈናው የሚጻፈው ከሦስት አንዱ ነው፤ ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣ ወይም አምባዛ።

ቆሮሶ ጎኑ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በጀርባው ላይ ሹል እሾህ የተደረደረበት ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭ ነው፣ ሲበስል በቀላሉ አይፈራርስም፣ ሽታም አያበዛም። እሾሁ ትልልቅና በቁጥር ጥቂት ስለሆነ በጣት ተለቅሞ ይወጣል፤ ለልጅም ለእንግዳም የሚመቸው ይህ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፣ ይገባዋልም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ ከባድ ስለሆኑ አንድ ኪሎ ፊሌቶ፣ ከአጥንቱ የተለየ ሥጋ፣ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። የፊሌቶ ዋጋ ከሙሉው ዓሣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ነጋዴው አጋነነ ብሎ መቆጣት አይገባም፤ ከሦስቱ ኪሎ ሁለቱ ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ሆኖ ይሄዳል።

ነጭ ዓሣ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩት በጣና 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ ከድንጋይ ስር ትል ይለቅማል፤ ሌላው አፉ ሰፊ ሆኖ ትናንሽ ዓሣዎችን ያሳድዳል፤ አንደኛው ዝርያ በሳይንስ ስሙ ጎርጎራን ይዟል። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ግድም ስለሆነ ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ጣና ከታችኛው ዓባይ ተለይቶ የራሱን ዓሣ ያፈራው በዚህ ምክንያት ነው። ለበላተኛው ዋናው ነገር ግን እሾሁ ነው። በነጭ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ከጀርባ አጥንት ጋር ያልተያያዙ፣ ጫፋቸው እንደ ሹካ የተከፈለ ስስ እሾሆች ተበታትነው ይገኛሉ። ፊሌቶ ቢወጣም እነርሱ እዚያው ይቀራሉ። «እሾህ የለውም» ተብሎ የቀረበ ፊሌቶ ጉሮሮ ላይ ቢሰካ፣ ዓሣው ነጭ ዓሣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፣ ቆዳው ጥቁርና ሙልጭልጭ ነው። ሥጋው ቀላ ያለና ቅባት ያለው ነው፤ ስስ እሾህ ስለሌለው ለፊሌቶ ከሁሉ ይቀላል። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በሃይማኖት ምክንያት የማይበላ ሰው በአካባቢው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ይላል። ሥጋው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጭቃ ጭቃ የሚል ጣዕም የሚያመጣው ቆዳውና በሆዱ በኩል ያለው ስብ ነው፤ ሁለቱ ተገፈው ከወጡ፣ ሥጋውም በጨውና በሎሚ 15 ደቂቃ ቆይቶ ከታጠበ፣ ለጉላሽ የሚሆን ጥሩ ሥጋ ይወጣዋል። ለእምነቱ ሲል የማይበላ ሰው ግን ከማዘዙ በፊት በግልጽ መጠየቅ አለበት። ተቆራርጦ በስጎ ውስጥ ከገባ በኋላ አምባዛን ከቆሮሶ በዓይን መለየት ይከብዳል። ጥሩ ዓሣ ቤት ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ሲጠየቅ «ዓሣ ነው» ብሎ የሚያልፍ ቤት ደግሞ በዚህ መልሱ ብቻ ነጥብ ያጣል።

ሰዓቱም እንደ ዓይነቱ ይመዝናል። አስጋሪዎች መረባቸውን የሚጥሉት ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚያነሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ምሽት ላይ መረብ ውስጥ የገባ ዓሣ ሌሊቱን እዚያው ሞቶ ያድራል። የጣና ውሃ ቀዝቃዛ አይደለም፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስለዚህ ዓሣው ገና ጀልባ ላይ ሳይወጣ መላላት ይጀምራል። ከአንድ መረብ የወጡ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ዓሣዎች አንዱ ንጋት ላይ የተያዘ፣ ሌላው አስር ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ሞቶ የቆየ ሊሆን ይችላል። «የዛሬ ነው» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ዓሣው ወደ ዳር የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው፣ ዓሣ ቤቶቹም ያኔ ይገዛሉ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበላው ምሳ የዚያን ቀን ምርጡ ነው። ማታ የሚቀርበው የቀረው ነው፤ ቤቱ በረዶ ወይም የሚሠራ ፍሪጅ ከሌለው ማታ ዓሣ አለማዘዝ ነው።

ሙሉ ዓሣ የሚያሳይ ቤት ካለ ማየት አይነወርም። ስንጥቡ ሲገለጥ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፤ ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ ቆይቷል። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን እንጂ የጎደጎደና የደፈረሰ አይሁን። ጎኑ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ወዲያው ካልተመለሰ፣ ወይም ሆዱ ለስልሶ ከተነፋ፣ በየትኛውም ቅመም አይድንም።

አሁን ወደ ምግቦቹ።

ሙሉ ጥብስ የከተማዋ ምርጥ ምግብ ነው፣ የሚደበቅበት ስጎ ስለሌለውም ታማኙ እሱ ነው። ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 600 ግራም የሚመዝን ቆሮሶ ይበቃል። በሁለቱም ጎን በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት እስከ አጥንቱ ድረስ ይሸነተራል። ሽንትሩ ለጌጥ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባና በጀርባ አጥንቱ አካባቢ ያለው ወፍራም ሥጋ ከጭራው እኩል ይበስላል፣ ስስ እሾህ ካለም ተጠብሶ ይሰባበራል። ነጭ ዓሣ የሚጠብስ ቤት ሽንትሩን ይበልጥ ማቀራረብ አለበት፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ እሾሁ ሳይቆረጥ ይቀራል። ዓሣው በጨው ታሽቶ ውኃው በደንብ ካልተጠረገ ዘይቱ ይረጫል፤ የዘይቱም ሙቀት ስለሚወርድ ዓሣው በመጠበስ ፈንታ ይቀቀላል። ትኩስ ዘይት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ውጭው ጠቁሮ አጥንቱ ዘንድ ደም ከታየ፣ ዓሣው ከበረዶ በወጉ ሳይቀልጥ ወደ ዘይት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ መመለስ ይገባል። ላዩ መራራ ከሆነና ሲነኩት ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅባት ካለው ደግሞ ጥፋቱ የዘይቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠበስበት የዋለ ዘይት አረፋ ያበዛል፣ ይጠቁራል፣ የሁሉንም ዓሣ ጣዕም አንድ ያደርገዋል። ከሎሚ፣ ከአዋዜና ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር ይቀርባል። ዳጣ፣ ማለትም የቃሪያ ድቁስ፣ ያለው ቤት ካገኙ አዋዜውን ትተው ዳጣውን ይያዙ፤ የቃሪያው ለጋ ማቃጠል ከቆሮሶ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ጉላሽ ከሁሉ በላይ የሚታዘዝ ነው፣ ከሁሉ በላይም የሚበላሸው እሱ ነው። አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። ፊሌቶው በሁለት ወይም በሦስት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ብቻውን ለጥቂት ደቂቃ ይጠበስና ይወጣል፤ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ለብቻ በስሎ ውኃው ሲመጥ ዓሣው ተመልሶ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር ሦስት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያፈላ አብሳይ ዓሣውን ወደ ክር ይለውጠዋል። ቁራጮቹ ቅርጻቸውን ይዘው ከመጡ ሥራው ጥሩ ነው። በርበሬና ድልህ የበዛበት፣ ቀለሙ የጠቆረ ጉላሽ ግን ብዙ ጊዜ የሰነበተ ዓሣ መሸፈኛ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከጉላሽ ባይጀምር ይሻላል።

ኮተሌት ለቆሮሶ ፊሌቶ ይሆናል፤ ሥጋው ስስ ስለሆነ እንቁላልና የዳቦ ዱቄት ለብሶ በሁለት በኩል ሁለት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ለነጭ ዓሣ የሚሻለው ዱለት ነው፤ ሥጋው ደቅቆ ስለሚከተፍ ስስ እሾሁም አብሮ ይደቃል። የከተማዋ ዓሣ ቤቶች ከሚሠሯቸው ብልህ ምግቦች አንዱ ነው ብለን እናምናለን፤ ከሚጥሚጣው በፊት ግን ሥጋው መብሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሾርባው ከጭንቅላትና ከአጥንት ይሠራል፣ ስንጥቡ አስቀድሞ ካልወጣ ይመራል። በቀስታ እሳት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲንተከተክ ይደፈርሳል፣ የአጥንቱ ሽታ ይወጣል። ሐሞቱ ሲገፈፍ የፈረጠበት ዓሣ ለሾርባም ለምንም አይሆንም፣ ምሬቱ በመታጠብ አይለቅም።

ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚያቀርቡ አሉ፤ እርሱን አንመክርም። ዓሣ በሚበሉ የሐይቅ ወፎች በኩል የሚዞሩ ጥገኛ ትሎች በቆሮሶም በነጭ ዓሣም ሥጋና ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገኛሉ። ሎሚ አይገድላቸውም፤ ሚጥሚጣም አይገድላቸውም። የሚገድላቸው ሙቀት ነው፣ ወይም በ-20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ። «ለብለብ» ያዘዘ ሰውም ቁራጩን ሰብሮ ይይ፤ መሐሉ የሚያብረቀርቅና የሚያሳልፍ ሳይሆን ነጭ ሆኖ በንጣፍ በንጣፍ የሚላቀቅ መሆን አለበት።

ገበታው ከሐይቁ ተነጥሎ ስለማይገመገም፣ ዓሣውን ማን እንደሚያወጣው ማወቅ ይጠቅማል። የጣና ዓሣ የማውጣት ሙያ ለረጅም ዘመን በሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነበር። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በገመድ ጠፍረው በሚሠሩት ታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምዳሉ። ታንኳ ርካሽና ቀላል ነው፤ ደንገሉ ውሃ ስለሚመጥ ግን በየጊዜው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ መተካት አለበት። በነፋስ ቀን ወደ መሐል አይወጣበትም። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በተገኘ እርዳታ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው ሐይቅ መሐሉም የወንዞቹም አፍ ተደራሽ ሆነ፤ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ዓሣው በበረዶ ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረ። ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከነበረች መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ፖሊቴክኒክ ወዳላት ከተማ ያደገችው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመናፈሻ ሲያዝ ግን የወይጦዎቹ የማረፊያና የደንገል ቦታ ጠበበ። ዛሬም ከታንኳ የሚሸጥ ቆሮሶ ዳር ላይ ይገኛል። ታንኳ ርቆ ስለማይሄድ ከመረብ እስከ ዳር ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ በረፋድ ከታንኳ የተገዛ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከሞተር ጀልባው የተሻለ ትኩስ ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ ወቅት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና አርኖ ጋርኖ ወንዞች ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ፣ አየር ያለው ውሃ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይከማቻሉ፣ በነሐሴና በመስከረም እዚያ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያወጣው ብዙ ነው። ያ ዓሣ ግን በሆዱ የሚቀጥለውን ዘመን የዓሣ ዘር የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገው ክትትል ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሣዎች ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ መውረዱ ታይቷል። በዚያ ላይ ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ይታፈሳል፣ ለመስኖ ውሃ ይሳባል፤ በአንዳንድ ወንዝም የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ይበተናል። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ነው የሚያፍነው። በመርዝ ማስገርን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይከለክላል፤ ወንዝ ዳር ግን ጠባቂ ሁልጊዜ የለም። ስለዚህ በክረምት ነጭ ዓሣ ባይታዘዝ እንላለን። ቆሮሶም በክረምት ይራባል፤ ሆኖም እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ በየዳርቻው ስለምታሳድግ በአንድ ወንዝ አፍ ተሰብስቦ አይታፈስም። በዚህ ወቅት «ነጭ ዓሣ የለንም» የሚል ዓሣ ቤት ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑለት። ሳህን ላይ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ በነሐሴ የሚያቀርብ ቤት ምንም ቢጣፍጥ እኛ አንመክረውም።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የዓሣው መጠን ነው። ከአንድ ወጥ ክር የሚሠራው ቀጭን መረብ፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ በውሃ ውስጥ አይታይም፤ ዓይኑም ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። በቀላሉ ይቀደዳል፣ ተቀድዶ የቀረው ቁራጭም አይበሰብስምና ያለ ባለቤት ዓሣ ሲገድል ይኖራል። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቆሮሶ አራትና አምስት ተደርጎ በአንድ ሳህን ከቀረበ ከዚህ ዓይነቱ መረብ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ አጥንት እንጂ ሥጋ የለውም።

በሰሜኑ ዳር፣ በጎርጎራና በደልጊ፣ ሁኔታው ይለያል። እዚያ ምግብ ቤቱ ጥቂት ነው፣ ዓሣው ብዙ ነው፤ በረዶ ስለማይገኝ አብዛኛው ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ደርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸጥ የኖረ ነው። ለአምባዛ ዋናው ገበያ ይህ ነበር፤ የመተማ መንገድ ሲዘጋ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም የበረታው በዚሁ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ታንኳ ማውጫውን ይዘጋል፣ መረቡን ይጠቀልላል፣ ቆሮሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለው ውሃ ያለብሳል። ጎርጎራ ደርሶ ትኩስ ዓሣ መብላት የሚፈልግ ሰው ሳያዝዝ ቢሄድ ላያገኝ ይችላል፤ ጠዋት ደርሶ ለምሳ ማዘዝ ይሻላል። የሚጠበሰው ቀላል ነው፣ ጨውና ሎሚ ብቻ፤ ዓሣው ራሱ ግን ከባሕር ዳሩ አያንስም፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

በጾም ወራት፣ በተለይ በዓቢይ ጾም፣ ዋጋው ይወጣል። በጾም ዓሣ የማይበላው ብዙ ቢሆንም የሚበላውም ጥቂት አይደለም፣ የአዲስ አበባ ጫኞችም ያኔ ይበረታሉ። በዚያ ሰሞን ዓሣ ቤቶቹ የሚያገኙት ምርጫ ይጠብባል፣ የከረመ ፊሌቶም የሚበዛው ያኔ ነው። ሙሉ ጥብስ ማዘዝ የሚያዋጣው ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዚህ ወቅት ነው፤ ሙሉው ዓሣ ዕድሜውን አይደብቅም።

ለቤት ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ዳር ላይ ገዝቶ እዚያው ያስገፍፍ፤ ገፋፊዎቹ ፈጣን ናቸው፣ ቢላቸውም የተሳለ ነው። የሚታጠብበት ውሃ ግን ከሐይቁ ዳር የሚቀዳው መሆን የለበትም፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ቦታ አለና የጄሪካን ንጹሕ ውሃ ይዞ መሄድ ወይም ሳያጥቡ ወስዶ ቤት ማጠብ ይሻላል። ለአዲስ አበባ መንገድ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ የወጣ ሙሉ ዓሣ ከፊሌቶ ይሻላል፣ ቆዳው ሥጋውን ይጠብቀዋል። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ የተሰበረ በረዶ፣ አንድ ንጣፍ በረዶ አንድ ንጣፍ ዓሣ እየተደረገ፣ የቀለጠው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ባለው ሣጥን። ዓሣው በቀለጠ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከሄደ ይላላል፣ ጣዕሙም ታጥቦ ይወጣል። ቤት ሲደርስ በዚያው ቀን ይበሰል ወይም ይቀዝቅዝ፤ አንዴ ቀልጦ የነበረ ዓሣ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።